የቦርዶው ጥሩርና «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ

ነገሩ የሆነው በ2021 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልያዝ። ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ውርስ እየተገመተ ነበር። ከዕቃዎቹ መሀል በወርቅና በብር ያጌጡ የራስ ቁርና ጥሩር (ከብረት የተሠራ የጦር ልብስ) ተገኙ። ለግምት የተጠራው የጥንት ጦር ዕቃ አዋቂ ግን ጠረጠረ። ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ደረሰ። የተሰረቁ ቅርሶች መዝገብ ሲታይ፣ ሁለቱም ሜይ 31 ቀን 1983 ፓሪስ ካለው የሉቭር ሙዚየም የተሰረቁት ሆነው ተገኙ።

ወደ 38 ዓመት ገደማ! ነገሩን የለወጠው «ይሄ ከየት መጣ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ነው።

ዕቃዎቹ ሚላን ውስጥ ከ1560 እስከ 1580 ባሉት ዓመታት የተሠሩ ናቸው። ለውጊያ ሳይሆን ለሰልፍ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጦር ሜዳ ጥሩር ልሙጥ መሆን አለበት፤ የጦሩን ጫፍ እንዲያንሸራትት። በሰልፍ ጥሩር ላይ ግን ብረቱ ከውስጥ እየተቀጠቀጠ ምስል ያወጣል፤ በላዩም ወርቅና ብር ይቀበርበታል። እንዲህ ባለው ቢዋጉበት የጦሩ ጫፍ ጌጡ ላይ ይያዛል። የሚለበሰው ለመታየት ነው። የእኛም መኳንንት ለምድ ደርበው፣ በብር ያጌጠ ጋሻ አስይዘው አደባባይ ሲወጡ ያው ነው።

ጥሩሩን ያስመለሰው ውበቱ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱም ነው። በ1922 ከባሮነስ ሰሎሞን ደ ሮትሽልድ ስብስብ ወደ ሉቭር ሲገባ ተመዘገበ። ሲሰረቅም ፖሊስ ዘንድ ተመዘገበ። ያ ባይኖር ጥርጣሬው ጥርጣሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ሚያንገበግበኝ ልምጣ። በ2024 እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ጋሻ ለጨረታ ቀረበ። «መቅደላ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1868» የሚል ተቀርጾበታል። በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ማለት ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ የሞቱበት ዕለት። ቦርዶ ላይ መዝገብ ማገላበጥ አስፈልጎ ነበር። እዚህ ግን ጋሻው ራሱ ከየት እንደተወሰደና መቼ እንደተወሰደ ይናገራል። ያም ሆኖ ዋጋ ተለጥፎበት ካታሎግ ገባ! ኢትዮጵያ አቤት ካለች በኋላ ነው ከጨረታው የወጣው። በዚያው ዓመት አገሩ ገባ።

ታዲያ የሉቭር ጥሩር ፖሊስ ሲያስጠራ፣ የመቅደላ ጋሻ ለምን ተጫራች ብቻ ይጠራል? በዘመቻ የተዘረፈ ስለሆነ ነው? 150 ዓመት ስላለፈው? እኔ አይዋጥልኝም። አጫራች ቤት ዋጋ ከመለጠፉ በፊት ዕቃው በእነማን እጅ እንዳለፈ መጠየቅ አለበት። መልሱ «መቅደላ» ከሆነ ደግሞ ጨረታውን ትቶ ወደ አዲስ አበባ ይደውል።

እኛም ብንሆን ሥራ አለብን። ቤታችሁ የአያት ጋሻ ወይም ጎራዴ ካለ ፎቶ አንሱት። ከማን ለማን እንደተላለፈ ሽማግሌዎቹ ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ጀርባውንም ማንሳት አትርሱ፤ አንዱን ጋሻ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ የእጀታው ጥገናና የቆዳው ስንጥቅ ነው።