ዘይቱ እስኪሞቅ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከጅማ

ለክቡር የሙቀት ጠቋሚ ቀስት
እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ ቢኤምደብሊው ዳሽቦርድ ውስጥ
ጅማ

ጉዳዩ፦ ከሰማያዊው የቅዝቃዜ ምልክት እንዲነሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ ዛሬ ጠዋት ስለዋሉልኝ ውለታ ላመሰግንዎ ነው።

የሰፈራችን ሦስት እናቶች ጅሬን ለቅሶ ሊደርሱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ኋላ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ቁልፉን አዞርኩ። ባለ 6 ሲሊንደሩ አጓራ። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ቁጭ አልን። 5 ደቂቃ። 10 ደቂቃ። እርስዎ ንቅንቅ የለም።

«ምን እየጠበቅን ነው ልጄ?» አሉ መሃል የተቀመጡት።

«ዘይቱ እስኪሞቅ ነው፣ እማማ።»

«ሽንኩርቱንስ ከትፈኸዋል?»

ሁለቱ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ለቅሶ የሚሄዱ ሰዎች! ይሄኔ ባጃጅ መጣ። ተያይዘው ወረዱ። እማማ ግን ተመለሱና በመስኮቱ 50 ብር ጭኔ ላይ ጣል አደረጉ። «ካልሞቀልህ አንተም በባጃጅ ና።»

ለነገሩ ዋሽቻቸዋለሁ። እርስዎ የሚለኩት የሞተሩን ውሃ እንጂ ዘይቱን አይደለም። እርስዎ መሃል ደርሰው ሲንደላቀቁ እንኳ ዘይቱ ገና ነው። መካኒኬም ቆሞ ማሞቅ አያዋጣም ይላል፤ አስነስተህ ትንሽ ጠብቅ፣ ከዚያ የሞተሩን ዙር ሳታበዛ ቀስ ብለህ ንዳ፣ እየሄደ ይሞቃል። እሺ። ባለፈው ሞከርኩት። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) ወርዶ ዳገቱ መሃል ቀጥ አለ። ያኔ የገፉኝ ሊስትሮዎች እስከ ዛሬ ሲያዩኝ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ።

ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ቴርሞስታት ደግሞ ተከፍቶ ቀርቷል። ውሃው ሳይሞቅ ራዲያተር ውስጥ ይንሸራሸራል።

ቆይ ግን አንተ ቀስት፣ ይህቺ ቤንዚን እንዴት እንደተገኘች ታውቃለህ? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተሰልፌ ነው። ተራዬ ሊደርስ ሁለት መኪና ሲቀር «አለቀ» ተባልኩ። በማግስቱ ደግሞ ተሰለፍኩ። ሥራ ቀርቼ። ከደሞዜ ተቆርጦ። እሷን ቤንዚን ነው ዛሬ ግቢ ውስጥ ቆመን ያጨስናት። አንድ ሜትር ሳንሄድ!

ይቅርታ ክቡርነትዎ። የእኔ ሙቀት ቀድሞዎት ወጣ።



50 ብሯን ሠርቼባታለሁ። ድንኳኑ ውስጥ እማማ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ትንሽ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ወጡ ደረሰ?»

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቴርሞስታት (ባለበት)