ማውዙን አስቀምጡና ሞክሩት

አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛዬ ስልኩን ሰጠኝና «እስቲ ይሄ ምን ይላል?» አለኝ። የሥራ ማስታወቂያ ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ተነሥቶ ድረ ገጽ ላይ ተለጥፏል። ስልኩ ያነበበለት «ምስል» የምትለውን ቃል ብቻ ነው። ምዝገባው ትናንት አልቋል።

ጓደኛዬ ቴክኖሎጂ አይቸግረውም። ስልኩ ላይ ቶክባክ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ በነፃ የሚገኘውን ኤንቪዲኤ ይጠቀማል። ሁለቱም ስክሪን ሪደር ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነባሉ። ግን መጀመሪያ የሚነበብ ጽሑፍ ማግኘት አለባቸው።

በድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች የተሠራ ፒዲኤፍ ደግሞ ይብሳል። ዓይን አማርኛ ያያል፤ ከሥር ያለው ኮድ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ማሽኑ ያንን ዝብርቅርቅ ያነበንባል። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም እንዲህ ዓይነት ሰነድ ሲያጋጥመኝ ያናድደኛል።

«ድረ ገጹ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መሆኑን ፈትሸነዋል፣ ጥሩ ነጥብ አግኝቷል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እንደ ዌቭና ላይትሃውስ ያሉ መፈተሻዎች በእርግጥ ይጠቅማሉ። የጽሑፉ ቀለም ከጀርባው በበቂ ሁኔታ መለየቱን ወዲያው ይነግሯችኋል፤ ለተራ ጽሑፍ ዝቅተኛው የንፅፅር ልክ 4.5 ለ1 ነው። ምስሉ ስክሪን ሪደር የሚያነበው የጽሑፍ መግለጫ እንዳለውም ያያሉ። መግለጫው በቂ መሆኑን ግን ማወቅ አይችሉም። ለዚያ ደብዳቤ ፎቶ «የሥራ ማስታወቂያ» የሚል መግለጫ ብትሰጡት ፈተናውን ያልፋል። ጓደኛዬ ግን መቼና የት እንደሚመዘገብ አሁንም አያውቅም።

እናም ድረ ገጽ የምትሠሩ ሁሉ፣ ማውዙን አስቀምጡት። በታብ ቁልፍ ብቻ እየሄዳችሁ ፎርሙን ሞልታችሁ ላኩ። እጃቸው እንደ ልብ የማይታዘዝላቸው ሰዎች በየቀኑ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ቀጥሎ ስክሪን ሪደሩን ክፈቱና ስክሪኑን አጥፉት። የገጹ ቋንቋ ኮዱ ላይ እንግሊዝኛ ተብሎ ከተጻፈ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ሲሞክር ወይም ዘሎት ሲሄድ ትሰማላችሁ። ከዚያ ዓይነ ስውር ተጠቃሚዎችን ጠርታችሁ አስሞክሩ። ለሥራቸውም ክፈሏቸው፤ ሙያ ነውና።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። አንቀጽ 9 ተደራሽነት ሲል ሕንፃና መንገድን ብቻ አይደለም፣ ኢንተርኔትንም ጠርቶ ነው። ስለዚህ ጓደኛዬ የጠየቀው ውለታ አይደለም።

ያ ደብዳቤ እኮ ከመታተሙ በፊት ኮምፒውተር ላይ ተተይቧል። ጽሑፉን ቀድቶ ከፎቶው ሥር መለጠፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።