ሁሉም አስተባባሪ

የልጆቻችን የውሃ ዋና አሰልጣኝ «ወላጆች በውድድሩ ቀን በምን ሊረዱን ይችላሉ?» ብሎ ያዞረውን ወረቀት ያየ ሰው፣ ለሕፃናት ውድድር ሳይሆን ለአዲስ ካቢኔ ሹመት የተዘጋጀ ይመስለዋል። ከላይ እስከ ታች የሰፈረው መልስ አንድ ነው። አስተባባሪ። አስተባባሪ። ምክትል አስተባባሪ። አንዱ አባት «አጠቃላይ አስተባባሪ» ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ሌላው ከፊርማው አጠገብ የድርጅቱን ማኅተም አሳርፎበታል፤ ክቡን፣ ሰማያዊውን። «ሰዓት ያዥ» ከሚለው ትይዩ ያለው የአንዲት እናት ስም ብቻ ነው፤ እሳቸውም የሚመጡት ገና ያልዳኸ ሕፃን አዝለው ነው።

ሁሉም አስተባባሪ ከሆነ ተባባሪው ማን ሊሆን ነው?

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። በክረምት ጉም ውስጥ ካፖርት ማውለቅ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል፤ እንኳን ውሃ ውስጥ መግባት። ስለዚህ ልጆቻችንን ጭነን የሐረጎን ጠመዝማዛ እንወርድና፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን፣ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ካለ ገንዳ እንደርሳለን። ልጆቹ በየመታጠፊያው ሲያስታውካቸው ይመጣሉ። እኛ ጋቢያችንን እንደተከናነብን ወርደን ላብ ያጠምቀናል። የኮምቦልቻ ወላጆች በነጠላ ጫማ ቆመው ይስቁብናል። ይሳቁ። አውሮፕላን ማረፊያው እነሱ ዘንድ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እነሱ ዘንድ፣ ሙቀቱም እነሱ ዘንድ፤ ለእኛ የቀረን የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽና ብርዱ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ቂም ስለሆነ ለሌላ ቀን ይደር።

የዋና ውድድር ብዙ እጅ ይፈልጋል። በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ካልተለካ በስተቀር፣ በዓለም አቀፉ ደንብ ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ሰዓት ያዥ ይመደባል፤ ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከያዙ እሱ ይጸድቃል፣ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው ይወሰዳል። በገመድ የከፈልነው ገንዳ አራት መስመር አለው፤ ስለዚህ አሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ልጆቹ ሲታጠፉ ግድግዳውን መንካታቸውን የሚያይ አለ፤ አዋዋናቸውን የሚያይ አለ፤ ቀጣዮቹን ተወዳዳሪዎች ከመታጠቢያ ቤት ለቃቅሞ የሚያሰልፍ አለ፤ ውጤት የሚጽፍ አለ። አሰልጣኛችን ትሑት ሰው ስለሆነ የለመነው ለየመስመሩ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አልተገኘም።

ባለፈው ውድድር አራተኛው መስመር በግድ የተሰጣቸው አባት ሰዓቱን በአንድ እጃቸው፣ ስልካቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው የገዛ ልጃቸውን ሲቀርጹ ነበር። ልጁ 50 ሜትሩን ጨርሶ፣ ከገንዳው ወጥቶ፣ ፎጣውን ተከናንቦ ሙዝ መላጥ ሲጀምር ነው አዝራሩን መጫን ትዝ ያላቸው። ሦስት ደቂቃ ከምናምን ተመዘገበለት። ከዚያ ተቆጡ። በማን? በአሰልጣኙ!

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው። ይህን ተረት ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ፤ በተጠራ ቁጥር ሽታው ይመጣብኛል። ነገር ግን ተረቱ ያላሰበው ነገር አለ። ሃምሳው ሰው ከተሰበሰበ በኋላ አርባ ዘጠኙ «እኔ በሐሳብ እደግፋለሁ» ያለ እንደሆነስ? ጌጡን አጥልቆ ሸክሙን ለአንዲት ባለ ሕፃን እናት ጥሎላት የሚሄድስ? ድሮም ደቦና ወንፈል ሲጠራ ማጭድ ሳይዝ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ነበር። እሱ ግን ቢያንስ ዜማ ያወጣል፤ አጫጆቹ በእሱ ዜማ ይበረታሉ፣ እህሉም ይወድቃል። የዛሬው አስተባባሪ አያዜምም። ባጅ ያንጠለጥላል።

ባጅ ካልኩ ዘንድ አንድ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም። በአንድ የሰፈራችን ሰርግ ላይ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ሪባን ሰክቶ የድንኳን አስተባባሪ ነበር። እኔ የእድሩን አግዳሚ ወንበር ከመጋዘን አውጥቼ፣ ብቻዬን፣ በዝናብ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ ስገባ መግቢያው ላይ አስቆመኝና «ወንድሜ፣ ያኛው ረድፍ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ቀና ብታደርጉት» አለኝ። የጠመመውን ረድፍ ያሳየኝ በያዘው የጎድን አጥንት ነው። አጥንቱ ላይ ገና ሥጋ ነበረበት። ሙሽሮቹ ከዚያ ወዲህ ወልደው ከብደዋል፤ እኔ ግን ያን አጥንት ይቅር አላልኩትም፣ የምለውም አይመስለኝም።

ይህ ሰው ዛሬ የዋና ውድድራችን ባለ ፊሽካ ነው። ፊሽካውን ማን እንደሰጠው አሰልጣኙም አያውቅም። ልጆች ሲሰለፉ ይነፋዋል፣ ከውሃ ሲወጡ ይነፋዋል፣ ሻይ ሲመጣ ይነፋዋል። በዋና ከመነሻው ምልክት ቀድሞ የዘለለ ይሰረዛል፤ ስለዚህ መነሻው ላይ ጎንበስ ብለው የቆሙ ሕፃናት ጆሯቸው ብቻ ነው የቀረው። ባለፈው፣ አስጀማሪው ገና አፉን ሳይከፍት፣ ሰውየው ለሻይ ሲነፋ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ዘላ ገባች። ማንም እንዳልተከተላት ሳታውቅ እስከ መጨረሻው ዋኘች፤ ግድግዳውን ነክታ መነጽሯን ስታወልቅ ጓደኞቿ እዚያው መነሻው ላይ ቆመው ያዩዋታል። አለቀሰች። ባለ ፊሽካው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ትኩረት ይጎድላታል።»

እውነቱን ለመናገር የሰዓትና የአለቃ ጠብ ዓለምንም ያነጋገረ ነው። በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሊያሸንፍ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ፍጻሜ አሜሪካዊው ላንስ ላርሰንና አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪት አንድ ላይ ሊባል በሚችል ቅጽበት ግድግዳውን ነኩ። የላርሰንን መስመር የያዙት ሦስት ሰዓቶች 55.0፣ 55.1 እና 55.1 አሉ። የዴቪትን የያዙት ሦስቱም 55.2 አሉ። ወርቁ የማን ሆነ? የዴቪት! ደረጃ የሚለዩት ዳኞች እኩል ለእኩል ተከፈሉ፤ ዋናው ዳኛ ለዴቪት ፈረደ፤ የላርሰን ሰዓትም «ተስተካክሎ» 55.2 ተባለ። ስድስት ሰው አውራ ጣቱን አዝራር ላይ አድርጎ ሲጨነቅ ውሎ፣ አንድ አለቃ በዓይኑ ሻረው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው ሪባን ሰክቶ ነበር?

ከሰዓት ያዡ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን አዋዋን የሚያየው ዳኛ ነው። በደረት ዋና ልጁ ሲታጠፍም ሲጨርስም ግድግዳውን በሁለት እጁ እኩል መንካት አለበት፤ በአንድ እጁ ከነካ ውጤቱ ይሰረዛል። የእኛ ዳኛ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የአንዷ ተወዳዳሪ አያት፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። አንድ ልጅ በአንድ እጁ ብቻ ነክቶ ሲዞር አይተዋል፤ ሲያዩ እኔም አይቻቸዋለሁ። ወዲያው አንገታቸውን ቀና አድርገው ደመናውን ይመረምሩ ጀመር። ቆየት ብዬ «ጋሼ፣ አላዩትም እንዴ?» ብላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አባቱ የእድራችን ጸሐፊ ነው። ልጁን ዛሬ ባስወጣው ነገ እኔን ማን ያስወጣኛል?» አሉኝ። ለዚህ የትኛውም ዓለም አቀፍ ደንብ መልስ የለውም።

በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ችግር አልነበረም፤ ዋና ራሱ የተከለከለ ነበርና። ቦርከና ወርደን፣ ልብሳችንን ድንጋይ ሥር ደብቀን፣ ደርቀን ወደ ቤት እንመለሳለን። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የምትል እናት ማታ ምንም አትጠይቅም። እግራችንን ሳብ አድርጋ ቅልጥማችንን በጥፍሯ ጫር ታደርጋለች። ነጭ መስመር ከወጣ አለቀ፤ ይግባኝ የለም። ያ የጥፍር ምርመራ መካከለኛ ውጤት አይወስድም፣ የእድር ጸሐፊም አያውቅም። እኛ የተገረፍንበትን ነገር ልጆቻችን እንዲያደርጉልን ዛሬ በየወሩ እንከፍላለን፤ ከፍለንም ለመቆም እንሰንፋለን።

ከዚያ ደግሞ መሳቅ እንወዳለን። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ አንድ ወጣታችን 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከሁሉም የመጨረሻ ሲሆን ስንት ተባለ! አባቱ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት መሆናቸው ያስቆጣው ሰው ቁጣው ይገባኛል። የማይገባኝ የቀረው ሳቅ ነው። ከሳቀው ሕዝብ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ገንዳ ዳር ቆሞ ለሰው ልጅ ሰዓት የያዘ ስንት ነው? ለሰው ልጅ ይቅርና ለገዛ ልጁ? ዋናተኛ ከሰማይ የሚወርድልን ይመስል፣ ልጁ ሲዋኝ የለንም፣ ሲሸነፍ ግን ሁላችንም ተንታኝ ነን። የአባቱ ሥልጣን ያናደደን እኛው፣ የአሥር ዓመት ሕፃናት ውድድር ላይ እንኳ ሳንሾም መርዳት አቅቶናል።

ወረቀቱን ረስቼው። አሰልጣኙ ትሑት ብቻ ሳይሆን ብልህም ሆኖ ተገኝቷል። ማንንም አልተከራከረም፤ ከእያንዳንዱ «አስተባባሪ» ፊት አንዳንድ ቃል ጨመረበት። «የአራተኛው መስመር ሰዓት አስተባባሪ»። «የፎጣ አስተባባሪ»። «የመታጠቢያ ቤት ልጆች አሰላለፍ ዋና አስተባባሪ»። ባለ ማኅተሙ የሁለተኛው መስመር ሰዓት አስተባባሪ ሆኖ ደስ ብሎት ፈርሟል። ባለ ፊሽካው «የጸጥታ አስተባባሪ» ተደርጓል፤ ጸጥታ ደግሞ ፊሽካ ስለማይፈልግ ንብረቱን እንዲያስረክብ ተነግሮታል። እስካሁን አላስረከበም፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል።

ሁሉም ግን በአንድ ድምፅ ባጅ ይታተምልን ብለዋል፤ ባለ ቀለም፣ ከነፎቶው። ገንዘቡ የተገኘው ከልጆቹ የሻይና የዳቦ መዋጮ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ ልጆቻችሁ ዳቦ ከቤት ይዘው ይምጡ።