ሦስት ጥያቄ ብቻ ካለህ በምን ታጠፋዋለህ?

ማክሰኞ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካርዲፍ ቤይ በሚገኘው የዌልስ ፓርላማ (በዌልስኛ ስሙ ሴኔድ) የመንግሥቱ መሪ ለጥያቄ ይቀርባሉ። ማዕረጋቸው ቀዳማዊ ሚኒስትር ነው። አባላቱ አስቀድመው ካስመዘገቧቸው ጥያቄዎች ውስጥ በዕጣ የወጡት በተራ ይነሣሉ። ሁለተኛው እንዳለቀ አፈ ጉባኤው ዕድሉን ለተቃዋሚ መሪዎች ይሰጣል። እነዚህ ምን እንደሚጠይቁ አስቀድመው አያሳውቁም፤ የዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች መሪዎችም በነፍስ ወከፍ ሦስት ጥያቄ አላቸው። ሌሎቹ ሚኒስትሮች ተራቸው ሲደርስ በየዘርፉ በተመደቡ የፓርቲ ቃል አቀባዮች የሚጠየቁት በዚሁ አካሄድ ነው።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዚህ የተሻለ መድረክ አይገኝም። ሆኖም ሦስቱ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ይባክናሉ። ሚኒስትሮቹ ከሌላው የበለጠ አንደበተ ርቱዕ ስለሆኑ አይመስለኝም። ጥያቄው ራሱ ማምለጫውን ይዞላቸው ስለሚመጣ ነው።

የሆስፒታል ወረፋን እንውሰድ። ቁጥሩ በየወሩ ይወጣል። በ2024 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተራ ጠባቂው 800 ሺህ ገደማ ነበር። የዌልስ ሕዝብ 3.1 ሚሊዮን ስለሆነ ተቃዋሚው ተነሥቶ «ከአራት ዌልሳዊ አንዱ ወረፋ ላይ ነው» ቢል ስሌቱ ልክ ይመስላል። ግን ያ ቁጥር የሚቆጥረው የሕክምና ጉዳይን እንጂ ሰውን አይደለም። አንዲት ሴት ለጉልበቷም ለዓይኗም ወደ ስፔሻሊስት ከተላከች ሁለት ሆና ትመዘገባለች። ሰው በሰው ሲቆጠር ወደ 620 ሺህ ይወርዳል፤ ከአምስት አንድ ማለት ነው። ሚኒስትሩ መልሱን የሚጀምረው ከዚህች ስሕተት ነው፦ «የተከበሩት አባል ቁጥሩን አልተረዱትም።» ከአምስት አንድ ሰው ሐኪም እየጠበቀ ያለበት አገር ሚኒስትር አስተማሪ ሆኖ ይቀመጣል፣ ጠያቂውም አንድ ጥያቄ ከስሮ።

ከዚያው መዝገብ ውስጥ የሚይዝ ጥያቄ ማውጣት ይቻል ነበር። በ2022 ሚያዝያ መንግሥቱ ራሱ አንድ ዕቅድ አወጣ፦ እስከ መጋቢት 2023 ድረስ በአብዛኞቹ የሕክምና ዘርፎች ከሁለት ዓመት በላይ የሚጠብቅ ሰው አይኖርም አለ። ዕቅዱ ሲወጣ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ጉዳዮች 70 ሺህ ገደማ ነበሩ። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ከ30 ሺህ በላይ ቀርተዋል። ግማሽ በግማሽ መቀነስ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ቃሉ ግን ያ አልነበረም። «በአብዛኞቹ ዘርፎች» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይሏል። እሷ ናት የመንግሥት መውጫ በር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሐረጓን መዝጋት አለበት፦ «ከአብዛኞቹ ውጭ የቀሩት ዘርፎች የትኞቹ ናቸው? ለእነሱስ ቀኑ መቼ ነው?» ሁለተኛው፦ «ያ ቀን ካለፈ በኋላ በጽሑፍ የተሰጠ አዲስ ቀን አለ ወይ?» ሦስተኛው ከመልሱ ይወለዳል። ሦስቱንም ቤቱ ጽፎ የሚገባ ጠያቂ ሦስተኛዋን በእርግጠኝነት ያባክናታል፣ ምክንያቱም የሰማውን ትቶ ያነባል።

ሌላው የተለመደ ሽሽት ጥፋቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መወርወር ነው። ወደ ላይ ሲወረወር ለንደን ይደርሳል። የዌልስ መንግሥት ገንዘቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ከብሪታንያ ግምጃ ቤት፣ ባርኔት በተባለው ቀመር (ለእንግሊዝ ብቻ ገንዘብ ሲመደብ ለዌልስም ተመጣጣኝ ድርሻ ይሰጣታል) ነው፤ ቀመሩ ላይ ያለው ቅሬታም መሠረት አለው። ኤችኤስ2 የተባለው ፈጣን ባቡር አንዲት ሜትር ሐዲድ ዌልስ ውስጥ ሳይዘረጋ «የእንግሊዝና የዌልስ ፕሮጀክት» ተብሎ ስለተመደበ ለዌልስ የሚደርሳት ድርሻ ቀርቷል። በዚህ ላይ ሌበርም፣ የዌልስን ነጻነት የሚፈልገው ፕላይድ ካምሪም፣ የዌልስ ኮንሰርቫቲቮችም ቅር ብሏቸዋል። ነገር ግን ስለ አምቡላንስ ተጠይቆ ስለ ባቡር የሚመልስ ሚኒስትር ሲያጋጥም መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገንዘብ የሚለውን ቃል ከጥያቄው ማውጣት። ስለ አሠራር፣ ስለ ቀን፣ ስለ ኃላፊ ስም ይጠየቅ። ፖሊስና ፍርድ ቤት በለንደን እጅ እንዳሉም አይዘንጋ፤ እነሱን ካርዲፍ ላይ መጠየቅ ጥያቄውን በነጻ መስጠት ነው።

ወደ ታች ሲወረወር ደግሞ የጤና ቦርዶቹ ላይ ያርፋል። ዌልስ ውስጥ ሆስፒታሎቹን የሚያስተዳድሩት ሰባት የጤና ቦርዶች ናቸው። «ይህ የቦርዱ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው» የምትለው መልስ አገልግሎቱ ሲበላሽ ትሰማለች፤ አዲስ ክሊኒክ ሲመረቅ ግን ሪባኑን የሚቆርጠው ሚኒስትሩ ነው።

አምቡላንሱን ቀረብ ብለን እንየው፤ የጥያቄ ጥበብ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት የነበረው ግብ እንዲህ ነው፦ ሕይወት ለአደጋ ከተጋለጠባቸው ጥሪዎች 65 በመቶ በሚሆኑት በ8 ደቂቃ ውስጥ መድረስ። ከ2020 ሐምሌ ወዲህ ግቡ አልተመታም፤ በ2025 ሐምሌ መለኪያው ራሱ ተቀየረ። ተቃዋሚው ሁልጊዜ የሚጠይቀው «አምቡላንሱ ለምን ዘገየ?» ብሎ ነው። አምቡላንሱ የዘገየው ግን መንገድ ላይ አይደለም። ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ሕመምተኛ ጭኖ ቆሟል፤ ለማስረከብ የተፈቀደው 15 ደቂቃ ሆኖ ሳለ ሰዓታት ያልፋሉ። የማይረከቡት ድንገተኛ ክፍሉ ስለሞላ ነው። ክፍሉ የሞላው ወደ መኝታ ክፍል የሚያሳልፈው አልጋ ስለሌለ ነው። አልጋው ላይ ያለው ደግሞ ከፊሉ የዳነ ሰው ነው። ሐኪሙ «ወደ ቤትህ መሄድ ትችላለህ» ያለው፣ ግን ቤት የሚንከባከበው ወይም የሚቀበለው የአረጋውያን ማቆያ ያልተገኘለት። ይህ ቁጥር በየወሩ ይታተማል፤ ብዙ ጊዜ 1,500 ገደማ ይሆናል። እንክብካቤውን የሚያቀርቡት ደግሞ ሆስፒታሎቹ ሳይሆኑ 22ቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች ናቸው።

እንግዲህ ስለ አምቡላንስ ለጤና ሚኒስትሩ የሚቀርበው ጥሩ ጥያቄ «አምቡላንስ» የሚል ቃል ላይኖረው ይችላል። «ዛሬ ከሆስፒታል መውጣት እየቻሉ አልጋ ላይ ያሉት ስንት ናቸው? ከ22ቱ ምክር ቤቶች ረጅሙ መጓተት ያለው በየትኛው ነው? ከዚያ ምክር ቤት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?» ለማኅበራዊ ሚዲያ የሚቆረጥ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ አይወጣውም። ለዚህም ይመስለኛል የማይጠየቀው። ስምንት ሰዓት ወለል ላይ ተኝታ አምቡላንስ የጠበቀች አያት ታሪክ ቪዲዮው ላይ ያምራል። ሚኒስትሩ «በጣም አዝናለሁ፣ ዝርዝሩን ከላኩልኝ እከታተለዋለሁ» ይላል፤ አለቀ። የአንድ ሰው ታሪክ ቁጥር ካልተከተለው ሚኒስትሩን ከመጠየቅ ወደ ማዘን ያሳልፈዋል።

ጥሩ የቃል ጥያቄ ከሳምንታት በፊት በጽሑፍ ጥያቄ ይጀመራል። የጽሑፍ ጥያቄ አሰልቺ ነው፣ ጋዜጠኛ አይከታተለውም፣ ግን መልሱ ሰነድ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «መረጃው በማዕከል አይያዝም» የሚል ነው። ያ ራሱ ግኝት ነው፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ የሚያወጣ መንግሥት የማይቆጥረውን ነገር ያሳያል። ከዚያ በመረጃ ነጻነት ሕጉ ለሰባቱም ቦርዶች ደብዳቤ ይላካል፤ 20 የሥራ ቀን አላቸው። ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ደብዳቤው ላይ ነው። «በዚህ ዓመት» ተብሎ ከተጠየቀ አንዱ ቦርድ ከጥር ይጀምራል፣ ሌላው ከሚያዝያ፣ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው በሚያዝያ ነውና። አንዱ ሰው ይቆጥራል፣ ሌላው ቀጠሮ። ሰባቱን ደምሮ ምክር ቤት ይዞ የሚገባ አባል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፈርስበታል። መነሻና መድረሻ ቀኑ፣ የሚቆጠረው ነገር፣ የሰንጠረዡም ዓምዶች ደብዳቤው ውስጥ ተጽፈው መሄድ አለባቸው።

ከ2021 እስከ 2026 በነበረው ሴኔድ የአባላቱ ማነስም አንድ ችግር ነበር። 60 መቀመጫ ውስጥ 30ውን ሌበር ያዘ፤ ሚኒስትሮቹ ሲቀነሱ በየኮሚቴው ተቀምጦ የራሱን መንግሥት የሚመረምር የገዥው ፓርቲ አባል በጣት የሚቆጠር ነበር። ኮንሰርቫቲቮች 16፣ ፕላይድ ካምሪ 13፣ ሊበራል ዴሞክራቶች አንድ። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ኮሚቴ እየያዘ ነበር ጤናንም ትምህርትንም የሚከታተለው። ከግንቦት 2026 ምርጫ ጀምሮ ቁጥሩ 96 እንዲሆን የተወሰነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ኒውፖርትና ሬክሳም ያሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፦ በሕግ የመኖር ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ የብሪታንያ ፓስፖርት ባይኖረውም ለሴኔድ መምረጥ ይችላል፤ ዕድሜውም ከ16 ይጀምራል። ስለዚህ የሆስፒታል ወረፋ ላይ ያለ ሰው ጥያቄውን ለአካባቢው አባል ቢልክ የመራጭ ደብዳቤ ነው።

ተቃዋሚዎች ለዓመታት ሳይለቁ የያዙት ጉዳይ ካለ ቤትሲ ካድዋላደር ነው። ይህ የሰሜን ዌልስ የጤና ቦርድ ወደ 700 ሺህ ሰው ያገለግላል። በ2015 ሰኔ፣ ግላን ክሉዊድ ሆስፒታል ውስጥ ታወል ቫን በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ክፍል የነበረው የእንክብካቤ ጉድለት ሲጋለጥ፣ በመንግሥት ልዩ ቁጥጥር ሥር ገባ። በ2020 ኅዳር ወጣ። በ2023 የካቲት እንደገና ገባ፤ የኦዲት መሥሪያ ቤቱ በቦርዱ አመራር መካከል ያለው መተማመን መፍረሱን ከጻፈ በኋላ የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ኢሉነድ ሞርጋን የቦርዱን ሰብሳቢና ገለልተኛ አባላት እንዲለቁ አደረጉ። ከዚያ ቀደም ኦዲተሮቹ የ122 ሚሊዮን ፓውንድ ሂሳብ በአግባቡ አልተያዘም ብለው ነበር።

ቦርዱ ከቁጥጥር ከወጣበት እስከ እንደገና እስከገባበት ድረስ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አለ። ተቋሙ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከዳነ ወደ ታመመ አልሄደም፤ መጀመሪያውኑ አልዳነም ነበር የሚል ሰው ብዙ አይሳሳትም። አሁንም አንድ ሚኒስትር ተነሥቶ ይህ ቦርድ ወይም ሌላ ከቁጥጥር ወጣ ሲል መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ሲገባ የተጻፉት የመውጫ መስፈርቶች ስንት ነበሩ፣ ዛሬ ያልተሟሉት የትኞቹ ናቸው፣ መሟላታቸውንስ ከሚኒስቴሩ ውጭ ማን አረጋገጠ?