ነብር አየኝ በል

አክስቴ ሕንድ የሄደችው ለዓይኗ ነው። ነብር የሚባል ነገር የሕክምና ወረቀቷ ላይ የለም።

ነገሩ የመጣው ከቀጠሮው ነው። ሐኪሙ ዓይኗን ሠርቶ ሲጨርስ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አለን። ለሕክምና ሕንድ የሄደ ሐበሻ ይቺን ቀጠሮ ያውቃታል። አገር ቤት ደርሰህ እንዳትመለስ የትኬቱ ዋጋ አለ። ዴልሂ እንዳትቀመጥ የእንግዳ ማረፊያው በቀን ይቆጥራል። በመጀመሪያው ሳምንት ለዘመድ ይደወላል። በሁለተኛው ሻንጣ ይገዛል። በሦስተኛው አስታማሚና ታማሚ መኮራረፍ ይጀምራሉ።

እኛ ሻንጣው ላይ ደርሰን ነበር። እዚያው ዴልሂ የሚማረው ልጇ «እማዬ፣ ለምን ነብር አናሳይሽም?» አለ።

«ነብር? ለማየት? ገንዘብ ከፍላችሁ?»

«አዎ።»

«እኛ ልጆች ሆነን ላለማየት ነበር የምንከፍለው። በየክረምቱ አንድ ፍየል።»

ልጇ ይሄ የእኛው ነብር ሳይሆን ታይገር እንደሆነ አስረዳት። አማርኛ ለታይገር የራሱ ስም የለውም። አፍሪካ ዱር ውስጥ ኖሮ የማያውቀውን አውሬ ማን ስም ያውጣለት? ስለዚህ ነጠብጣቡንም ባለ መስመሩንም ነብር ብለን ገላገልነው። ሕንዶችም ቢሆኑ አይስቁብንም። «ሼር» የሚሉት ቃል አላቸው፤ አንበሳም ታይገርም በሱ ይጠራል። አክስቴ የስልኩን ፎቶ በአዲሱ ዓይኗ አየችና «የሜዳ አህያ ካናቴራ የለበሰ ነብር ነው» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ሐኪሙ ከአቧራ የሚከልል ጥቁር መነጽር አድርጋ እንድትሄድ ፈቀደ። በባቡር ወደ ራጃስታን ወረድን፣ ሳዋይ ማዶፑር ወደምትባል ከተማ። የራንታምቦር ብሔራዊ ፓርክ በሯ ላይ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ የገና ጾም። አካባቢው ሥጋ የማይበላ ሰው ሞልቶበታል ተብለን ተደስተን ነበር። አክስቴ የመጣላትን ምስር አሸተተችና ሳህኑን ገፋችው። ቅቤ አለበት። የተፈጥሮ ጉብኝታችን ሙሉ በሙሉ በበሶ፣ በቆሎና በዳቦ ቆሎ ተካሄደ።

መግቢያው ላይ ፓስፖርት ተጠየቅን። የውጭ ዜጋ ከሕንዳዊው በጣም የበለጠ ይከፍላል። ይሄ እኛም አገር ያለ አሠራር ነው፤ ፓርኮቻችን ፈረንጁን ለብቻው ያስከፍሉታል፣ እኛም ከጎኑ ቆመን በሐበሻ ዋጋ በኩራት እንገባለን። አክስቴ ሂሳቡ ሲነገራት ወረቀቱን ወደ መነጽሯ አስጠጋችው።

«ይሄ የማን ዋጋ ነው?»

«የፈረንጅ» አላት ልጇ።

ወዲያ ወዲህ አየች። «የቱ ፈረንጅ?»

«አንቺ ነሽ እማዬ።»

ስልሳ ምናምን ዓመት ሐበሻ ሆና ኖራ ራጃስታን ላይ ፈረንጅ ሆነች። ቀኑን ሙሉ አልወጣላትም። ጂፑ ላይ ድጋፍ ስንሰጣት «ቀስ፣ ፈረንጅ ነው የያዛችሁት» ትለን ጀመር።

የተነሳነው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ብርዱ የደብረ ብርሃን ነው፣ ጂፑ ደግሞ ጣሪያ የለውም። ስድስት ተሳፋሪ ይይዛል። እኛ ሦስት፣ የቅርብ ሙሽሮች የሆኑ ሁለት ሕንዶች፣ አንድ ደግሞ ሙቀጫ የሚያክል ካሜራ የታቀፈ ሰውዬ። ሌላው ሕዝብ ሃያ ሰው በሚይዘው ክፍት አይሱዙ መሰል መኪና ይመጣል፣ ካንተር ይሉታል። አክስቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከኋላ ጥጉን ያዘች። ካሜራ የላትም። ስልኳ ቻርጅ ዘግቷል።

አስጎብኚው ወሬ ወዳድ ነው። ራንታምቦር ድሮ የጃይፑር ማሃራጃዎች አደን ቦታ ነበር አለን። ንግሥት ኤልሳቤጥና ባለቤታቸው ፊሊፕ በ1961 እ.ኤ.አ. ሲመጡ ፊሊፕ እዚሁ ነብር ተኩሰው ጥለዋል። ያኔ እንግዳ ማስተናገድ እንዲህ ነበር። ሕንድ ነብሮቿ እያለቁ መሆናቸውን ስታይ በ1973 ጥበቃ ጀመረች፤ መጀመሪያ ከተመረጡት 9 ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2006 ሲቆጠሩ በመላው አገሪቱ 1,411 ብቻ ተገኙ። በ2022 ቆጠራ ግን 3,682 ደርሰዋል።

አክስቴ ቁጥር አይማርካትም፤ ይሄኛው ግን አሳሰባት። «ማነው ቆጣሪው? በር እያንኳኳ?»

ልጇ ተረጎመ። አስጎብኚው ደስ አለው። ካሜራ ዛፍ ላይ ይታሰራል፣ ነብሩ ሲያልፍ ራሱ ያነሳል። የአንዱ ነብር መስመር ከሌላው አይመሳሰልም፣ እንደ ጣት አሻራ ነው። አይቶ ይለየዋል፣ ቁጥርም አለው።

«ከእኔ ቀድሞ ፋይዳ አውጥቷላ» አለች።

ስም ያላቸውም አሉ። አስጎብኚው ማችሊ ስለምትባለው ሴት ነብር ሲያወራ ድምፁ የለቅሶ ቤት ሆነ። «ዓሣ» ማለት ነው፣ ፊቷ ላይ ዓሣ የሚመስል ምልክት ስለነበራት። ከአዞ ጋር ተናንቃ ገድላለች። ቴምብር ላይ ወጥታለች። በ2016 እ.ኤ.አ. ጥርሷ አልቆ፣ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ኖራ ሞተች። አክስቴ ከጋቢዋ ውስጥ «ነፍስ ይማር» አለች። አስጎብኚው ትርጉም ሳይጠይቅ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

እላይ አምባው ላይ የተንጣለለ የድንጋይ ምሽግ ይታያል፣ ውስጡም የጋኔሽ ቤተ መቅደስ አለ። ጋኔሽ የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው ነው። ሰው ልጁን ሲድር የመጀመሪያውን የሰርግ ካርድ የሚልከው ለእሱ ነው። ከመላው ሕንድ በፖስታ ይመጣለታል። ይህ ሲነገር የአክስቴ ጥቁር መነጽር ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰማህ? ለዝሆኑ እንኳ ካርድ ይደርሰዋል።»

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረደኝ። ለነብር አምስት ሰዓት ሙሉ ባቡር ላይ ተቀምጬ፣ ከጫካ መሃል «መቼ ነው የምታገባው» መጣብኝ። ሙሽሮቹ ምን እንደተባለ ጠየቁ። ልጇ እየሳቀ ተረጎመላቸው። እነሱም በአንድ ድምፅ «መቼ ነው?» አሉኝ።

ነብር ፍለጋ ማለት ወሬ ማሳደድ ነው። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አጋዘን ባየን ቁጥር «አቁም! አቁም!» እያልን አርባ አርባ ፎቶ አነሳን። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያያቸው ጠፋ። ሳምባር የሚሉት ወይፈን የሚያክል አጋዘን መንገዱን ዘግቶ ቢቆም «ምን ይገተራል» ተባለ። ጣዎስ ያን ሁሉ ጭራ እየጎተተ አለፈ፣ ያየው የለም። የሚፈለገው ሙሽራው ነው፣ እነዚህ አጃቢ ናቸው።

ጂፖቹ ሲተላለፉ ሾፌሮቹ ፍጥነት ቀንሰው በዓይን ይጠያየቃሉ። ልክ የእኛ ሚኒባሶች ትራፊክ ፖሊስ እንዳለ መብራት ብልጭ እያደረጉ እንደሚነጋገሩት። «አያችሁ?» «አላየንም።» በዚህን ጊዜ የሁለቱም ጂፕ ተሳፋሪ ፊት ይፈታል። እውነቱን ለመናገር እኔ ነብር ባለማየቴ ያን ያህል አልተናደድኩም። የፈራሁት እነዚያ አይተው እኛ እንዳንቀር ነው።

ድንገት አስጎብኚው እጁን አነሳ። ዝም አልን። ላንጉር የሚባሉት ፊታቸው ጥላሸት የተቀባ የሚመስል ዝንጀሮዎች ከዛፍ ላይ ሳል የመሰለ ጩኸት ጀመሩ። ቀጥሎ ነጠብጣቡ አጋዘን ሹል ድምፅ አወጣ። ነብር ሲንቀሳቀስ አንዱ ለሌላው የሚያስተላልፈው መልእክት ነው አለን በሹክሹክታ። ማብራሪያም አላስፈለገኝ። መርካቶ ዳር ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል አንዱ የጎዳና ነጋዴ ያፏጫል፣ ቀጣዩ ይቀበለዋል፣ በደቂቃ ውስጥ መንገዱ ላይ አንድ ካልሲ አይቀርም። ይሄም እንደዚያው ነው። አጋዘኖቹ ካልሲያቸውን ሰብስበው ወደ አንድ አቅጣጫ አፈጠጡ።

ሾፌሩ ነዳው። ቆምን። ጠበቅን። ምንም።

ሰው ሲጠብቅ ይርበዋል። ልጇ የቆሎውን ላስቲክ ፈታ። እዚያ ጫካ አንዲት ጭራዋ የረዘመ ቡናማ ወፍ አለች፣ ሰው የማትፈራ። የላስቲኩን ድምፅ ሰምታ መጣችና በቀጥታ አናቴ ላይ ቆመች። አስጎብኚው «አታብሏት፣ ክልክል ነው!» ይላል። ሙሽሮቹ ይስቃሉ። ባለ ሙቀጫው ሰውዬ እንኳ ሙቀጫውን ወደ እኔ አዞረው። ልጇ «እንዳትነቃነቅ፣ ቪዲዮ ነው!» አለኝ። አምስት ሰውና አንድ ሾፌር አናቴን ያያሉ።

ከኋላ «ያውና» የሚል ድምፅ መጣ። የቡና ስኒ የት እንዳለ እንደምታሳይ ዓይነት።

«ምኑ እማዬ?» አለ ልጇ፣ ቪዲዮውን ሳይለቅ።

«ካናቴራ ለባሹ።»

ስንዞር መንገዱ ባዶ ነው። ሣሩ ብቻ ይወዛወዛል። «ወይፈን መስሎሽ ይሆናል እቴቴ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። አስጎብኚው ግን ወደ ኋላ ተንጠራርቶ መሬቱን አየና ደርቆ ቀረ። አሁን በመጣንበት መንገድ ላይ፣ በራሳችን ጎማ ምልክት ላይ፣ ሳህን የሚያክል የእግር አሻራ ታትሟል። ከኋላችን መንገዱን አቋርጦ ሄዷል። እኛ ወፍ ስናይ።

ወሬው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አምስት ጂፕና ሁለት ካንተር ተደረደረ። የመገናኛ አደባባይ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ማለት ነው፣ ክላክሱ ብቻ የለም። አቧራው፣ «የት ጋ ነው?» የሚለው፣ ወንበር ላይ የሚቆመው። ነብሩ ግን አልተመለሰም። አስጎብኚው ለሁሉም አክስቴን ይጠቁማል። ከካንተሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ እውነተኛው ዓይነት፣ ተንጠልጥሎ «እንዴት ነበር?» አላት። ልጇ ተረጎመ።

«አየኝ። አየሁት። ሄደ።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞረችና «እናንተ ግን ነብር አየኝ በሉ» አለች። ይህን ፈሊጥ ሰው ሲዝትበት እንጂ ቃል በቃል ሲፈጸም ሰምቼ አላውቅም። ልጇ ሊተረጉመው ሞክሮ ተወው።

ስልኬ ላይ 214 ፎቶ ነበር። አጋዘን፣ አጋዘን፣ የአጋዘን ቂጥ፣ ወፍ አናቴ ላይ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ዓይኗን በመሣሪያው አየና ደህና ነው አለ። በልጇ በኩል «ከሩቅ ይታይሻል?» ብሎ ጠየቃት።

«ነብር አይቻለሁ በለው።»

ልጇ ነገሩን ከነአሻራው ተረከለት። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለካስ እሱም ራንታምቦር አራት ጊዜ ሄዷል። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ አንዴ እንዲያውም ሦስት ቀን አድሮ። ጭራውን እንኳ አላየም።

አክስቴ ከልቧ አዘነችለት። ክንዱን መታ መታ አደረገችው።

«አይዞህ በለው» አለች ለልጇ፣ «ዓይኑን ይታከም።»

ልጇ «አይዞህ» የምትለዋን ብቻ ተረጎመ።