ለኳስ የተሠራው ኦፔራ ቤት

ስለ ታሪካዊ ሕንፃ ጥበቃ ሲነሳ ብዙ ሰው “ለተሠራበት ዓላማ ብቻ ይዋል” ይላል። እኔ አልስማማም። ምክንያቴ ጣሊያን ውስጥ ማቼራታ በምትባል ከተማ የሚገኘው ስፌሪስቴሪዮ ነው።

ዛሬ በየበጋው ኦፔራ ይታይበታል። መቶ ያህል የከተማዋ ባለገንዘቦች አዋጥተው ሲያሠሩት ግን ኦፔራ የሚባል ነገር ሐሳባቸው ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1829 የተመረቀው ለኳስ ነው! የእግር ኳስም አይደለም። ተጫዋቾች ክንዳቸው ላይ ጥርስ ያለው የእንጨት መከላከያ አጥልቀው ኳስ የሚለጉበት ጨዋታ ነበር። አርክቴክቱ ኢሬኔዮ አሌያንድሪ ግን ለጨዋታ ነው ብሎ አልቀለደም። የጥንት ሮማን የሚያስታውሱ 56 ዓምዶችና 104 የተከለሉ የተመልካች ክፍሎች ሠራ። ከፊት ለፊት ደግሞ 90 ሜትር ገደማ የሚረዝም ግድግዳ አለ፤ ኳሱ እንዲነጥርበት።

ጨዋታው ቀስ በቀስ ተረሳ። ግድግዳው ግን እዚያው ቆሞ ነበር። በ1921 አንድ የአካባቢው ባላባት፣ ኮንት ፒየር አልቤርቶ ኮንቲ፣ የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቬርዲን ኦፔራ “አይዳ” እዚያው አሳየ። ኳስ እንዲመልስ የቆመው ግድግዳ የዘፋኞቹንም ድምፅ አሳምሮ ወደ ተመልካቹ መለሰ። ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ኦፔራው መደበኛ ሆነ።

“አይዳ” መሆኑ ለእኛ ትንሽ ያስፈግጋል። አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፤ አባቷ ንጉሥ አሞናስሮም ተሸንፎ ይማረካል። ኦፔራውን ያዘዘው የግብፁ ገዢ ኢስማኤል ፓሻ ነው፤ በ1871 ካይሮ ላይ ታየ። ብዙም ሳይቆይ የዚሁ ሰውዬ ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ጦር ድባቅ ተመታ። መድረክ ላይ ማሸነፍ ይቀላል።

ወደ ሕንፃው ስመለስ፣ ችግር የለበትም አልልም። መድረኩ ሰፊ ነው፤ ወደ ኋላ ግን ጥልቀት የለውም። አዘጋጆች ትዕይንቱን ወደ ጎን መዘርጋት ግድ ይሆንባቸዋል። ጣሪያም ስለሌለው ዝናብ ከመጣ ማታው ተበላሸ ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ጣሪያ ይሠራለት የሚል ቢመጣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። ኳሱ ወጥቶ ዘፈኑ ሲገባ አንድም ዓምድ መንቀል አላስፈለገም። ለጣሪያ ግን ምሰሶ መትከል፣ ግድግዳውንም መንካት ይመጣል። ዝናብ ከሆነ ትኬቱን መመለስ ይረክሳል።