እሱ ለንስሐ አልመጣም

ባለፈው ጥር፣ ቦስተን አጠገብ ካለው አፓርታማችን ግቢ ስወጣ የጎረቤቴን መኪና ገጨሁ። «ገጨሁ» ለማለት ራሱ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የዚያን ቀን ለባለቤቴ የነገርኳት «መኪናዋ ተንሸራተተችብኝ» ብዬ ነው። በረዶ ነበር፤ እሱ ውሸት አይደለም። ግን አንድ እጄ መሪው ላይ፣ ሌላው ስልኬ ላይ ነበር። የአብሮ አደጎቻችን ቴሌግራም ላይ የገባ ቀልድ እያነበብኩ ነበር፤ ቀልዱን አሁን አላስታውሰውም። ቀና ስል የሽማግሌው መኪና ስፖኪዮ በሽቦው ተንጠልጥሏል፣ ፓራፋንጎውም ወደ ውስጥ ገብቷል።

አማርኛችን ለእንዲህ ያለው ቀን የተመቸ ነው። ብርጭቆ ከእጃችን ወድቆ ሲደቅ «ተሰበረብኝ» እንጂ «ሰበርኩት» አንልም። ዘግይተን የደረስነው እኛ፣ «ያመለጠን» አውቶቡሱ። ስናረፍድ እንቅልፍ ወስዶን ነው፤ ክፉ ስንናገር ቃሉ ከአፋችን አምልጦ ነው። ጥፋቱ ከፍ ሲል ደግሞ ተሸካሚው አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፦ «ሰይጣን አሳስቶኝ!» አገር ቤት ችሎት የተቀመጠ ሰው ተከሳሽ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ የሚመልሳትን ያውቃታል፤ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ጥፋተኛ ግን አይደለሁም»። ችሎት ውስጥ «አመነ» ማለት ጥፋቱን ተቀበለ ማለት ነው። እሑድ እሑድ ነጠላ አጣፍተን የምንቆመው አማኞች በዚህኛው ትርጉም ብንቆጠር ስንት እንደምንቀር እንጃ።

መቼም ጀማሪዎቹ እኛ አይደለንም። አዳም «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» ሲል ሚስቱንም ፈጣሪውንም ባንድ አፍ ከሰሰ። ሔዋን «እባብ አሳተኝ» አለች። እባቡን ግን ማንም ቃሉን አልጠየቀውም።

አሜሪካ ስመጣ፣ ሰው ጥፋቱን ፊት ለፊት የሚቀበልበት አገር የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ፊልም አይቼ ነው። ኢንሹራንሴ ጋ ስደውል ልጅቷ መጀመሪያ ተጎድቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ቀጥላ «ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። ለካ ነገሩ ከሕጉም ጋር ይያያዛል። ማሳቹሴትስ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ አደጋ ለደረሰበት ሰው የሀዘኔታ ቃል መናገር ጥፋትን እንደማመን ተቆጥሮ በማስረጃነት አይቀርብብህም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። «አዝናለሁ» ማለት ይቻላል፤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ስትል ግን ጠበቃህ ግንባሩን ይይዛል። ቤተ ክርስቲያናችን ለንስሐ ማዘንን፣ መናዘዝንና ቀኖና መቀበልን ታስተምራለች። እዚህ አገር የመጀመሪያው በነጻ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ዋጋው ይነገርሃል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ የሚመላለስ አንድ ወዳጄ ደግሞ ቁጣው ከአባቱ አለንጋ የመጣ እንደሆነ ተነግሮት ተመለሰ። ይሆናል። ሚስቱ ላይ የጮኸው ግን አባቱ አልነበረም።

በየአዳራሹ የምናየውም ያው ነው። የሱስ መንፈስ፣ የዝሙት መንፈስ፣ የቁጣ መንፈስ በየስሙ ተጠርቶ ሲወጣ፣ ሰውየው ራሱ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ እያጨበጨበ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የትውልድ እርግማን የሚሉትም አለ። የሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» ይላል፤ ቁርኣንም ማንኛዋም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ይናገራል። እኛ ዲያስፖራዎች ይህን የምንገለብጠው ፌስቡክ ላይ ነው። የሌላውን ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ለሞተ ቅድመ አያቱ ዕዳ ስናስከፍለው እናመሻለን፤ የራሳችንን የትናንቱን ግን ለሰይጣን እናስመዘግባለን።

በሦስተኛው ሳምንት የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። እንደኛው ቀን ሥራ ውለው ማታ ነው የሚገኙት። ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ የሻይ ማፍያው አጠገብ ተቀመጥን። «አባ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ…» ብዬ ጀመርኩ። መስቀላቸውን እንደያዙ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ስልኩን የያዘው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው እሱን ተወው ልጄ። እሱ ለንስሐ አልመጣም።»

ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ስግደት ጠብቄ ነበር። አርባ ቢሉኝ ጉልበቴ ይችላል፣ ደግሞም ማንም አያየኝም። «ሄደህ ለሰውየው ንገረው» አሉኝ። ኢንሹራንሱ እንደከፈለ፣ መኪናውም እንደተሠራ ብነግራቸው «ስለ ገንዘቡ መቼ ጠየቅሁህ?» ብለው የዘኬዎስን ነገር አነሱልኝ። ቀራጭ ነበር፤ አለቆቼ ሮማውያን አዘውኝ ነው ማለት ይችል ነበር። አላለም፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። እኔ አንድ እጥፉን እንኳ በሌላ ሰው ነው ያስከፈልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን አንኳኳሁ። ሽማግሌው ሰማንያውን የተጠጉ ይመስሉኛል፤ በነጠላ ጫማ ወጡ፣ የቡና ስኒያቸውን እንደያዙ። «ያን ቀን በረዶው አይደለም። ስልክ እያየሁ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው። እንግሊዝኛዬ ተንተባተበ፤ ሁለቴ ደገምኩት። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኙ፣ ክንዴን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስማ፣ ይህን ለሌላ ሰው እንዳትናገር» አሉኝ።